ተሳፋሪው ይቆጠር፣ ታሪፉ ይለጠፍ፣ መኪናው በሰዓቱ ይነሣ
ስለ ሕዝብ ማመላለሻና ስለ ጭነት ትራንስፖርት አስተዳደር የፓርቲያችን አቋም

በፓርቲው ዋና ጸሐፊ

በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድ የማይናገር ፓርቲ የለም። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተሠርቷል፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሠራል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። መንገድ መሠራቱን የሚጠላ የለም፤ እኛም አንጠላም። ነገር ግን በተሠራው መንገድ ላይ ሰውና እህል እንዴት እንደሚጓዝ፣ ማን ቆሞ እንደሚውል፣ ማን ከታሪፍ በላይ እንደሚከፍል፣ ማንስ ሳይሳፈር ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አጥብቆ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት አላየንም። አስፋልቱ ይቆጠራል፤ ተሳፋሪው አይቆጠርም።

ፓርቲያችን ለሕዝብ ከሚያቀርባቸው አማራጮች አንዱ ይህንኑ የሚመለከት ነው። አቋማችን አጭር ነው። የትራንስፖርት ችግራችን ሥሩ የመኪና ማነስ ብቻ አይደለም። ሥሩ፣ ሕዝቡ መቼ፣ ከየት ወዴት፣ በምን እንደሚጓዝ ሳይቆጠር ስምሪት መሰጠቱ፣ ስምሪቱ ሲበላሽም የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና ከሥሩ እንጀምር።

1. ያልተቆጠረው ተሳፋሪ

ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባሉት ከተሞች በመናኸሪያ የተጠቀመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። በአዘቦት ቀን መኪና ተሳፋሪ ይጠብቃል፤ በገበያና በበዓል ቀን ተሳፋሪ መኪና ይጠብቃል። በአዘቦቱ ቀን ሹፌሩ ተራው እስኪደርስ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ያማርራል። በገበያው ቀን ያው ሹፌር በአሥራ ሁለት ሰው ወንበር አሥራ ስምንት ሰው ጭኖ ይሄዳል። ኃላፊዎች ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «የመኪና እጥረት አለ» ይላሉ።

እውነት እጥረት ነው? በቀላል ስሌት እንየው። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማስረዳት ያህል የወሰድናቸው ናቸው። ከአንድ ትንሽ ከተማ ወደ ዞኑ ከተማ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በአዘቦት ቀን 60 ሰው፣ በገበያ ቀን 240 ሰው መሄድ ይፈልጋል እንበል። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል፤ ደርሶ እስኪመለስም ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅበት በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያደርገው አንድ ጉዞ ብቻ ነው። ስለዚህ በአዘቦት ቀን 5፣ በገበያ ቀን 20 ሚኒባስ ያስፈልጋል። የሳምንቱ ተጓዥ ተደምሮ ለሰባት ቀን ሲካፈል ግን በቀን 86 ሰው ገደማ ይደርሳል፤ ይህም 8 ሚኒባስ ማለት ነው። 8 ሚኒባስ የመደበ ኃላፊ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በመናኸሪያው ግን ስድስቱን ቀን 3 መኪና ያለ ሥራ ይቆማል፤ በሰባተኛው ቀን 96 ሰው ይሄዳል፣ 144 ሰው ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ደላላው ይመጣል፤ ታሪፉ እጥፍ ይሆናል፤ ትርፍ ሰው ይጫናል፤ ጥድፊያው አደጋ ያስከትላል። በአገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በመኪና አደጋ ይሞታሉ። ተጨማሪ 8 ሚኒባስ ቢመደብ እንኳ በገበያ ቀን አሁንም 48 ሰው ይቀራል፤ በአዘቦት ቀን ግን 11 መኪና ይቆማል። የቆመ መኪና ደግሞ ዕዳ አለበት። በስድስቱ ቀን ሥራ ፈት የሆነው ባለ መኪና ዕዳውን የሚያካክሰው በሰባተኛው ቀን ከተሳፋሪው ኪስ ነው። ስለዚህ መፍትሔው በአዘቦት ቀን በሌላ መስመር የሚሠሩ መኪናዎችን በገበያ ቀን ወደዚህ ማምጣት ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ የየከተማው የገበያ ቀንና የተጓዡ ቁጥር ተመዝግቦ ሲታወቅ ብቻ ነው። የአጎራባች ከተሞች የገበያ ቀን የተለያየ ከሆነ ያው መኪና ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ያገኛል።

ቁጥሩ ጭራሽ የለም እንዳይባል፣ መኪና ከመናኸሪያ ሲወጣ መውጫ ይሰጠዋል፤ የተሳፈረውም ሰው ይመዘገባል። ነገር ግን መውጫው የሚያሳየው የሄደውን ሰው እንጂ የቀረውን አይደለም። ከበሩ ውጭ የተጫነው ትርፍ ሰውም በመውጫው ላይ አይታይም። 144 ሰው ቀርቶ የዋለበት ቀን በመዝገቡ ላይ «96 ሰው ተጓጉዟል» ተብሎ ይቀመጣል። ይህ መዝገብ ወደ ላይ ሲላክ ሪፖርት ይሆናል፤ ሪፖርቱ ስኬት ይሆናል። የቀረውን ሰው የማይቆጥር መሥሪያ ቤት ችግር የለም ቢል አያስደንቅም።

2. «ሲሞላ ይሄዳል»

ሁለተኛው በሽታ «ሲሞላ ይሄዳል» የሚለው ልማድ ነው። ባለ መኪናውን አንወቅስም፤ ባዶ ወንበር ይዞ ቢሄድ የሚከስረው እሱ ነው። ነገር ግን የመጠበቁን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ምጥ የያዛት እናት ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንድትሄድ ተጽፎላት አምቡላንስ ቢጠፋ፣ የቀራት ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ገበሬ ቢዘገይ መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። ተማሪው ፈተና ያመልጠዋል። የእነዚህ ሰዎች ጉዳት በማንም መዝገብ አይያዝም።

የእኛ ሐሳብ መኪና ሁሉ በሰዓት ይነሣ የሚል አይደለም፤ ያ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። የምንለው፣ በእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያውና የመጨረሻው መኪና፣ በመካከልም ቢያንስ አንድ መኪና፣ ሞላም አልሞላም በተለጠፈው ሰዓት ይነሣ ነው። የጎደለው ወንበር ሒሳብ መናኸሪያው ከመኪናዎች ከሚሰበስበው የአገልግሎት ክፍያ ይሸፈን። መጀመሪያ ላይ ወንበር ይጎድላል። ሰው ሰዓቱን ሲያምን ግን በሰዓቱ ይመጣል፤ ጉድለቱም እየቀነሰ ይሄዳል። እርግጠኛ ሰዓት ራሱ ተሳፋሪ ይጠራል።

3. እህላችን የሚሄድበት መንገድ

ምሥራቅ ጎጃም የጤፍና የስንዴ አገር ነው። እህሉ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ የአባይን በረሃ መሻገር አለበት። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ይወጣል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ ሲመረቅ መሻገሩ ቀሏል። የቁልቁለቱ ፈተናና የመሬቱ መንሸራተት ግን አልቀረም።

በረሃውን የተሻገረው አይሱዙ አዲስ አበባ በር ላይ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የአዲስ አበባ አስተዳደር የጭነት መኪናዎች በቀን በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ ጣለ። ገደቡ በራሱ ስህተት ነው አንልም፤ የአዲስ አበባ ሕዝብም ወገናችን ነው፣ መንገዱ መጨናነቅ የለበትም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ገደብ ሲወጣ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት እህል የሚጭነው ነጋዴና ገበሬ ተጠይቋል? በከተማው ዳር የሚቆሙት መኪናዎች የት ያርፋሉ? ሹፌሩ የት ይተኛል? እህሉ ዝናብ እንዳይመታው የት ይጠለላል? የከተማው በር የሚከፈትበት ሰዓት እዚህ አምበር ላይ የሚጫንበትን ሰዓት ይወስናል። ሁለቱን ሰዓት አገናኝቶ የሚያስብ አካል ግን የለም።

የዚህን ዋጋ በምሳሌ እናስላ። 50 ኩንታል የሚጭን አንድ መኪና ቢሄድም ቢቆምም ለሹፌር፣ ለረዳት፣ ለባንክ ዕዳና ለኢንሹራንስ በሳምንት 15,000 ብር ይወጣበታል እንበል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢመላለስ 150 ኩንታል ያደርሳል፤ ወጪው በኩንታል 100 ብር ይሆናል። በየበሩና በየኬላው በመቆሙ ምክንያት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢመላለስ 100 ኩንታል ያደርሳል፤ ወጪው በኩንታል 150 ብር ይደርሳል። ነዳጅ ሳይጨምር፣ ጎማ ሳይጨምር፣ በመቆም ብቻ 50 ብር ጨመረ። ይህን 50 ብር ነጋዴው ከኪሱ አይከፍለውም። ከፊሉን ከገበሬው የመሸጫ ዋጋ ላይ ይቀንሳል፤ ከፊሉን አዲስ አበባ በሚሸምተው ደመወዝተኛ ላይ ይጨምራል። በሁለቱም ጫፍ የሚጎዳው ድሃው ነው።

እዚህ ላይ ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተስፋፋው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፤ ተሳፋሪና ሹፌር ለሞት፣ ለእገታና ለዘረፋ ተዳርገዋል። የትኛውም የስምሪት ዕቅድ ሰላምን አይተካም። ነገር ግን ሰላም በሰፈነበት ቀን ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ አሠራር ያስፈልጋል። መንገዱ ሲከፈት የቀድሞው ትርምስ መመለስ የለበትም።

4. ከአዲስ አበባ የምንማረው

በአዲስ አበባ የተሞከረው ነገር ቆይቶ ወደ ክልል ከተሞች ይመጣልና የዋና ከተማውን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል። በ2003 ዓ.ም. የከተማው ታክሲዎች በቀጠና ተመድበው፣ ታፔላ ለጥፈው በተወሰነ መስመር ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ታክሲ የሚሸሸው ሰፈርም ታክሲ እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ነገር ግን መኪናው የሚሠራበት መስመር መታወቁ ብቻውን ተሳፋሪውን አላዳነውም። ባለ ታክሲው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መስመሩን ማቆራረጥ ቀጠለ፤ በአንድ ሒሳብ ይደረስበት የነበረው ቦታ ሁለት ሒሳብ ይጠይቅ ጀመር። መኪናው ተመደበ እንጂ ጉዞው አልተመደበም።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀላል ባቡሩ አገልግሎት ተጀመረ። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሁለት መስመርና 41 ባቡሮች ነበሩት፤ የወጣበት 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን አብዛኛው በቻይና ብድር የተሸፈነ ነው። ብዙ ሕዝብ ተጠቅሞበታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁንና መለዋወጫ በማጣት ባቡሮቹ አንድ በአንድ እየቆሙ ከዓመታት በኋላ በሥራ ላይ የቀሩት ከግማሽ በታች ሆኑ። ሐዲዱ በሚያልፍባቸው መንገዶች እግረኛው ለመሻገር ረጅም ዙር እንዲዞር ተገዷል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር መሆኑን ስናስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዕቃ መግዛት አንድ ነገር ነው፣ አገልግሎት ማስተዳደር ሌላ ነገር ነው። ሪባን ሲቆረጥ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

5. ሌላው ዓለም እንዴት ይሠራል?

የጉዞ ስሌት የሚባለው ሙያ በተራ ቋንቋ ሲገለጽ አራት ጥያቄ ነው። ስንት ሰው ይጓዛል? ከየት ወዴት? በምን? በየትኛው መንገድ? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ በዲትሮይትና በቺካጎ ከተሞች በየቤቱ እየዞሩ እነዚህን ጥያቄዎች በመጠየቅ የተጀመረው ሥራ ዛሬ በኮምፒውተር ይሠራል። ኮምፒውተሩ ግን ያልተቆጠረውን ሰው ከየትም አያመጣም። የአምበር መናኸሪያ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ኮምፒውተሩ አይደለም፤ አራቱ ጥያቄዎች ናቸው።

የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም መጨናነቅን ለመቀነስ ወደ መሀል ከተማ የሚገባና የሚወጣ መኪና እንዲከፍል ለማድረግ አሰበች። ውሳኔውን በሕዝብ ላይ አልጫነችም። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ሐምሌ 2006 ለሰባት ወር ሞከረችው፤ ቆጠረችው፤ በክፍያው ድንበር የሚያልፈው መኪና 20 በመቶ ያህል ቀነሰ። ውጤቱ ለሕዝብ ተገለጸ፤ በመስከረም የከተማው ነዋሪ ድምፅ ሰጥቶ ደገፈው፤ በ2007 ቋሚ ሆነ። እኛ ለአምበር የስቶክሆልምን ክፍያ አንመኝም። የምንመኘው ቅደም ተከተሉን ነው፤ መሞከር፣ መቁጠር፣ መግለጽ፣ ሕዝብን መጠየቅ። በአገራችን መመሪያው ይቀድማል፤ ቆጠራው ይቀራል፤ ሕዝቡ በሬዲዮ ይሰማል።

6. ሕጉ ምን ይላል?

የአገራችን የትራንስፖርት ሕግ ታሪክ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የመዝለል ታሪክ ነው። በ1968 ዓ.ም. ደርግ የግል መኪናዎችን በቀጠና አደራጅቶ ጭነቱንም ታሪፉንም በመንግሥት እጅ አደረገው። በ1984 ዓ.ም. ያ ሥርዓት ፈርሶ ገበያው ተለቀቀ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 468 ደግሞ ባለንብረቶችን በማኅበር የማደራጀትን መንገድ ተከተለ። በሦስቱም ዘመን ክርክሩ መኪናውን ማን ያዘዋል የሚል ነበር። ተሳፋሪው ስንት ነው፣ የት ቀረ የሚለው ጥያቄ ወደ መሀል አልገባም።

መብቱ ግን በሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አጓዡ ተሳፋሪውን በጊዜውና በደህና የማድረስ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነትን ያረጋግጣል። በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ባለሥልጣን ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ የመናኸሪያው መዝገብ የማን ነው? የሕዝብ ነው። አዲስ አዋጅ ከማወጅ በፊት ያለውን ማክበር ይቀድማል።

7. ለሚነሡ ተቃውሞዎች መልስ

«ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚሉ አሉ። ገበያ የሚሠራው ገዥው አማራጭ ሲኖረው ነው። በምሽት መጨረሻ ላይ የቀረች አንዲት መኪና ፊት የቆመ ተሳፋሪ አማራጭ የለውም፤ የተጠየቀውን ይከፍላል ወይም ያድራል።

«መቁጠር ወጪ አለው፣ አቅም የለንም» የሚሉም አሉ። በዓመት አራት ጊዜ፣ አንድ የአዘቦትና አንድ የገበያ ቀን እየመረጡ፣ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው እየተመሩ በወረቀትና በእርሳስ ሊቆጥሩ ይችላሉ። ለአበል የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው አይበልጥም። አቅም የለም እንዳይባልም፣ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ተለይቶ እንዲሰጥ ሲወሰን መንግሥት መኪናዎቹን መዝግቦ ነዳጃቸውን በስልክ ክፍያ መከታተል ችሏል። ሊትር መቁጠር የቻለ መንግሥት ሰው መቁጠር አያቅተውም።

«የመኪናው መንገድ ከከተማው ውጭ ይዙር» የሚል ሐሳብም ይነሣል። በመንገድ ዳር ከተማ መሀል ከባድ መኪና በፍጥነት ማለፉ አደጋ ነው። ይሁንና የመንገድ ዳር ከተማ የሚኖረው ከመንገደኛው ነው፤ መንገዱን ማራቅ ምግብ ቤቱንና ሱቁን መዝጋት ነው። እኛ የምንመርጠው መኪናው በከተማው መግቢያ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ማድረግ፣ ለከባድ መኪናዎች ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ማቆሚያ መከለል፣ ለእግረኛ፣ ለጋሪና ለከብት ማለፊያ መለየት ነው።

8. ፓርቲያችን የሚገባው ቃል

አንደኛ፣ በየመናኸሪያው የተጓዘው ብቻ ሳይሆን የቀረው ተሳፋሪ እንዲቆጠር፣ ውጤቱም በየሩብ ዓመቱ በመናኸሪያው በር ላይ እንዲለጠፍ እናደርጋለን።

ሁለተኛ፣ ስምሪት በአማካይ ሳይሆን በገበያ፣ በበዓልና በአዘቦት ቀን ተለይቶ እንዲሰጥ፣ አጎራባች ከተሞችም መኪና እንዲበዳደሩ እናደርጋለን።

ሦስተኛ፣ ታሪፉ ከነርቀቱ በመናኸሪያና በመኪናው ውስጥ እንዲለጠፍ፣ ተሳፋሪውም ዋጋና ሰዓት የተጻፈበት ቲኬት እንዲያገኝ እናደርጋለን።

አራተኛ፣ በየመስመሩ በሰዓቱ የሚነሡ መኪናዎች እንዲኖሩ፣ የወንበር ጉድለቱም ከመናኸሪያ ገቢ እንዲሸፈን እናደርጋለን።

አምስተኛ፣ የአዲስ አበባ የጭነት ሰዓት ሲወሰን እህል አቅራቢ ዞኖች እንዲጠየቁ፣ በከተማው መግቢያ የጭነት መኪና ማረፊያና መጋዘን እንዲዘጋጅ እንታገላለን።

ስድስተኛ፣ በ1989 ዓ.ም. ከተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ለከተሞች የሚመደበው ድርሻ ለአስፋልት ጥገና ብቻ ሳይሆን ለእግረኛ ማለፊያና ለፍጥነት መቀነሻም እንዲውል ሐሳብ እናቀርባለን።

ሰባተኛ፣ ተሳፋሪዎች፣ ሹፌሮች፣ ባለንብረቶችና ነጋዴዎች በእኩል የሚወከሉበት የመናኸሪያ ጉባኤ እንዲቋቋም፣ ኃላፊው በዓመት ሁለት ጊዜ ፊቱ ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ እናደርጋለን።

የተከበራችሁ መራጮች፣

ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት እንጨርሳለን ብለን አንዋሻችሁም። የመጀመሪያውን ቆጠራ ግን በመጀመሪያው ዓመት ማድረግ ይቻላል፤ ካላደረግነው እኛኑ ጠይቁን። መንግሥት ለመመሥረት ብንበቃ እናስፈጽመዋለን። በተቃዋሚ ወንበር ብንቀመጥ በየሩብ ዓመቱ በምክር ቤት «ስንት ሰው ቀረ?» ብለን እንጠይቃለን። ይህን ጥያቄ የሚፈራ አስተዳደር የሚደብቀው ነገር ያለው አስተዳደር ነው።

በምርጫ ቀን እያንዳንዱ ድምፅ ይቆጠራል ተብላችኋል። በድምፅ መስጫው ቀን የሚቆጠር ዜጋ በመናኸሪያው በር ላይ የማይቆጠርበት ምክንያት የለም። ድምፃችሁን ስትሰጡ ይህን አስቡ።

ተሳፋሪው ይቆጠር! ታሪፉ ይለጠፍ! መኪናው በሰዓቱ ይነሣ!